የጎጀብ ዜና፤ ስለ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ አገልግሎትና ስለ ቡናው አገር

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋም አልፎ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ጎጀብን ይሻገራል። ይህ ወንዝ የከፋ በር ነበረ። የቀደሙት የከፋ ነገሥታት አገራቸውን በጥልቅ ቦይና በአጥር ከልለው፣ ጎጀብንም እንደ ቅጥር ተመክተው ለዘመናት ኖሩ። እኛም የምንጽፈው የአንድን ሹም ዜና ነው። ሹሙ በሐረር፣ በወሎና በጎጃም ሕዝብ ያስተዳደሩ፣ ለአራሹ ያዘኑ፣ በመጨረሻም በዚህ ወንዝ ዳር በጠላት እጅ የወደቁት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ነገር ግን ከእርሳቸው አስቀድሞ በዚሁ ወንዝ ስለተወሰደው ሰው ሳንናገር ብናልፍ ዜናው ጎደሎ ይሆናል።

የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር መጣበት። የጦሩ አበጋዝ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ዘመቱ። የከፋ ሰው በጦርና በጋሻ፣ በጥቂት ጠመንጃም፣ ብዙ ወር ተዋጋ። ንጉሡ ከጫካ ጫካ እየተሸሸገ ከርሞ በዘመን መለወጫ ሰሞን፣ 1890 ሲብት፣ ተያዘ። በብር ሰንሰለትም ታሰረ። ጎጀብን ሲያሻግሩት የወርቅ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ወደ ውኃው ወረወረው፤ የከፋ ንግሥና በዚህ አበቃ ሲል ነው ተብሎ ይተረካል። ከዚያም ከ20 ዓመት በላይ በእስር ኖሮ በአዲስ አበባ ሞተ። ዘውዱ ባሕር ተሻግሮ ስዊዘርላንድ ደረሰ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰውም ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ንጉሡም ከተወሰደ በኋላ አገሩ ተደለደለ። በከፋ፣ በሸካ፣ በጊሚራና በማጂ ባላገሩ ለዘማቹ በገባርነት ተሰጠ። ለአንዱ ወታደር ይህን ያህል ጎጆ፣ ለአለቃው ያንን ያህል ጎጆ እየተባለ ሰው እንደ ከብት ተቆጠረ። ገባሩ ማር ይገብራል፣ እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ የጌታውን ጓዝ ይሸከማል፤ ሚስቱም ትፈጫለች። ከዚህ የከፋም ነበረ፤ ከጊሚራና ከማጂ ሰው እየታፈነ ለባርነት ተሸጠ፣ መንደር ባዶ ቀረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ማጂ ድረስ በእግሩ ሲሄድ ብዙ ዘመን ወሰደ። ይህን የምጽፈው የሞቱትን ለመክሰስ አይደለም፤ ኋላ በጎጀብ ዳር ስለሆነው ነገር ምክንያቱ እዚህ ስላለ ነው።

አሁን ወደ ራስ እምሩ እንመለስ። በኅዳር 1885 ዓ.ም. በሐረር ምድር ተወለዱ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ተፈሪ መኰንንን በጥቂት ወራት ብቻ ያንሷቸው ነበር፤ ሁለቱም የሥጋ ዘመዳሞች ሆነው በራስ መኰንን ቤት አብረው አደጉ፣ አብረውም ተማሩ። ተፈሪ ወደ ሥልጣን ሲወጡ እምሩ ሐረርን በእርሳቸው ስም ጠበቁ። ከዚያም ወሎን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ሲሻሩ፣ እምሩ ራስ ተብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ተላኩ። የጎጃም ሰው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር ውጪ ያለ ገዢ ሲሾምበት ቅር አለው፤ ይህንንም ቅሬታ ራሱ አልሸሸገም። እርሳቸው ግን ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችን ይዘው ገቡ፤ ኋላ በድርሰቱ አገር ያወቀው ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ዘመን በጎጃም ካገለገሉት አንዱ ነው።

በዚያ ዘመን ለሹም ሹመት ማለት ገባር ማለት ነበረ። ሹም የሚታወቀው በግቢው ስፋትና ከኋላው በሚከተለው ሰው ብዛት ነው። ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሆነው፣ ከማንም በላይ መውሰድ እየቻሉ፣ የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው የሰጡ ሰው ናቸው። ስለዚህም ባላባቱ በፍርሃት፣ ወጣቱም በፍቅር፣ «ቀዩ ራስ» አላቸው። እንደ እኔ ሚዛን፣ ከጦር ሜዳ ሥራቸው ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ለአራሹ በአፍ ያዘነ ሹም በየዘመኑ ነበረ፤ ከገዛ ርስቱ ቆርሶ የሰጠ ግን እምብዛም አልተገኘም።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በመጣ ጊዜ ራስ እምሩ የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጉይና ግንባር ቀደም ጦራቸው የጠላትን ታንኮች ማረከ። በየካቲት መጨረሻ ግን በሽሬ የመርዝ ጭስና አውሮፕላን ሠራዊቱን ፈታው። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሙ። እንደራሴው በጎጃም በኩል ዞረው፣ ዓባይን ተሻግረው ወደ ምዕራብ መጡ።

በዚያን ጊዜ የነጻይቱ ኢትዮጵያ መንግሥት በጎሬ ነበረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ፣ ያረጁ ሰው ሆነው ሳለ፣ አለቅነቱን ተቀበሉ። ጎሬ በኢሉባቦር ደጋ ላይ የተቀመጠች የቡና ገበያ ነበረች። ቡናው በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ክረምት ገብቶ የባሮ ወንዝ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጭኖት ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ በጋ ሲሆን ውኃው ይጎድልና መንገዱ ይዘጋ ነበር። ዋና ከተማዋ የተወሰደባት፣ ንጉሠ ነገሥቷም በስደት ያለባት አገር፣ በዚያ አንድ ክረምት ባንዲራዋን በዚህ በቡናው ምድር አውለበለበች። ያንን ቡና የለቀመው እጅ ግን የገባር እጅ ነበረ፤ ከመንግሥቱም ያገኘው ነገር አልነበረም።

በነቀምቴ ደግሞ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ተሰብስበው «ጥቁር አንበሳ» የሚባል ማኅበር አቆሙ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበረ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦናያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮም ከነጓደኞቹ በዚያ ሞተ። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። የጦር አለቃ ለሲቪሉ አመራር እንዲታዘዝ፣ ምርኮኛ እንዳይበደል፣ ባላገሩም እንዳይጎዳ ያዝዛል። የመጨረሻውን ቃል አንባቢ ልብ ብሎ ይያዝልኝ። ዘማች ሠራዊት ባለፈበት የባላገር ጎተራ በሚራቆትበት አገር፣ እነዚህ ልጆች ባላገሩን አትንኩ የሚል ሕግ ጻፉ። መሪ ይሁኑን ብለው የመረጡትም ራስ እምሩን ሆነ። እንዲህ ያለ ደንብ ያላቸው ወጣቶችና እንዲህ ያለ ስም ያላቸው ሹም መገናኘታቸው የተገባ ነበረ።

ነገር ግን ዘግይቶ ነበረ። ራስ እምሩ ወደ ሸዋ ለመዝመት ተነሡ፤ መንገዱ አልከፈት አለ። የወለጋ ኦሮሞ መኳንንት ከፊሎቹ የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው፣ በመንግሥታት ማኅበር ሥር ሆነው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ለመተዳደር ጽፈው ነበርና፤ የሸዋን መንግሥት ከጠላት ለይተው አላዩትም። ከሰሜን ግንባር ሸሽቶ ያለፈው ወታደርም መንደር ዘርፎ ነበረ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ልጆች፣ ስንቃቸው አልቆ፣ ጥይታቸው ተመናምኖ፣ ወደ ከፋ ለመሻገር ወደ ደቡብ አዘነበሉ፤ ጎጀብም ደረሱ። ወንዙ ከፊታቸው ሆነ፣ ጠላት ከኋላቸው፤ በማዶም ሌላ የጠላት ጦር ይጠብቃቸው ነበር።

ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲጽፉ የጠላትን ብዛትና የወንዙን ሙላት ይጽፋሉ፤ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም አያለሁ። የሸሸ አርበኛ የሚድነው ባላገር ሲያበላው፣ ሲደብቀው፣ መንገድ ሲያሳየው ነው፤ በሸዋና በጎጃም አርበኛው አምስት ዓመት የቆመው በዚህ ነው። በምዕራቡ የቡና አገር ያለው ባላገር ግን ለ40 ዓመት ያህል የሚያውቀው መንግሥት ማር አምጣ፣ አጥር እጠር፣ ጓዝ ተሸከም የሚለውን ነው። ለዚያ መንግሥት እንደራሴ ምን ዕዳ ነበረበት? ራስ እምሩ መልካም ሰው መሆናቸውንስ ማን ነግሮት ያውቃል? መልካምነታቸው በሐረርና በጎጃም ተዘርቶ ነበረ፤ በጎጀብ ዳር ያጨዱት ግን ሌሎች የዘሩትን ነው። አንድ ደግ ሹም የአንድን ሥርዓት በደል ሊሸፍን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። የማኅበሩ ደንብ ከመማረክ ሞትን ያስቀድም ነበር፤ እርሳቸው ግን ከሥራቸው ያሉት ወጣቶች ሁሉ ከሚያልቁ እጅ መስጠትን መረጡ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። ሁለት ወር ቆይቶ የካቲት 12 ቀን በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጣሊያን ክፍሌ ናሲቡንና የሐኪም ወርቅነህን ሁለት ልጆች፣ ቢንያምንና ዮሴፍን ጨምሮ፣ የተማረውን ትውልድ ፈጀ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ፤ ፖንዛ በምትባል ደሴትም ታሰሩ። በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ወስደው ያስቀመጡት በዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ይህ ፍርድ በሰው አልተቀነባበረም።

ከግዞት ከተመለሱ በኋላ ራስ እምሩ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ አገራቸውን ወከሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የተጠራው የእርሳቸው ስም ነበረ፤ ሕዝቡ እምሩን ይወዳልና ስማቸው ለነገሩ ሞገስ እንዲሆን ታስቦ ነው። ካዩትና ካስታወሱት የጻፉት መጽሐፍ ከሞታቸው በኋላ ታትሞ ወጥቷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ሽማግሌው ራስ ይህን በዓይናቸው አዩ። እርሳቸው በፈቃዳቸው በገዛ መሬታቸው ያደረጉትን፣ አዋጁ በግድ በመላው አገር አደረገው። አዋጁ ለሚዛንና ለቴፒ አራሽ ከገባርነት ዕዳ እረፍት ሆነለት፤ በበበቃና በቴፒ ግን ሰፊው የቡና እርሻ በመንግሥት እጅ ሆነ። ያንን ሌላ ዜና ጸሐፊ ይጻፈው።

ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ዐረፉ። መሳፍንቱን የገደለው፣ ንጉሠ ነገሥቱንም ያለ ክብር ያስቀበረው ደርግ፣ እኒህን የንጉሥ ዘመድ በመንግሥት ሥርዓተ ቀብር ሸኛቸው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በሕዝበ ውሳኔ አንድ ክልል ሆነው ቦንጋ ላይ መንግሥታቸውን አቆሙ። በዚያ ለምትሾሙ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው፤ ለሥራ ስትወጡና ስትገቡ የጎጀብን ድልድይ ትሻገራላችሁና፣ ቀለበቱን ወደ ውኃው የጣለውን ጋኪ ሸሮቾንና በዚያው ዳር የቆሙትን እምሩን አስቡ። ቡናውን የሚለቅመውንም ሰው፣ ማን ነህ፣ ምን ጎደለህ ብላችሁ በስሙ ጠይቁት።