የጨዋታ ማኅበርና ዳኛው

በያሉበት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ዳኛ ያስፈልጋቸዋልን? ይህን ጥያቄ በታሪክ በኩል ልንመረምረው አሰብን።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትራብሾ «ማድ» የተባለውን፣ ሥዕል የሌለውና በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ፈጸመው። በጨዋታው ከመጨረሻው ማዕረግ የደረሰ ሰው «አስማተኛ» ተብሎ በሌሎቹ ላይ ሥልጣን ያገኝ ነበር።

ይህ ሥልጣን የሚያመጣውን ችግር በግልጽ ያሳየው ግን «ላምዳሙ» ነው። ይህን በጽሑፍ የታነጸ የጋራ ዓለም በ1990 በካሊፎርኒያ የመሠረተው ተመራማሪው ፓቬል ከርቲስ ነበር። በ1992 መጨረሻ አስማተኞቹ ማሽኑን ከመጠበቅ በቀር በሰዎች ጠብ እንደማይገቡ አስታወቁ። በ1993 አንድ ተጫዋች በሌሎች ስም ነውረኛ ድርጊት እየጻፈ አዋረዳቸው። ተበዳዮቹ ወደ ማን አቤት ይበሉ? ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ አስማተኛ በራሱ ውሳኔ በደለኛውን አስወገደው። ከዚያ ወዲህ አባሎቹ አቤቱታ እያቀረቡ በድምፅ ብልጫ እንዲወስኑ ተደነገገ። ሆኖም በ1996 አስማተኞቹ ከዳኝነት መራቅ እንዳልተቻላቸው ገልጸው ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ።

ከዚህ እንደምንረዳው የማሽኑ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው «ዳኛ አይደለሁም» ቢልም ዳኝነቱ አይቀርለትም፤ ዝም ማለቱም ፍርድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማኅበር የሚያቋቁም ሁሉ ሕጉንና የቁልፉን ያዥ በሩን ሳይከፍት አስቀድሞ ቢያሳውቅ ይበጃል እንላለን።