ስለ «ዸ» ፊደልና ስለ ሁዻ ምልክት

በአምቦ፥ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው ከተማ፥ እንዲሁም በጊንጪ፥ በጉደርና በባኮ ገበያ የሚቆም ሰው ድንጋይ «ዸጋ»፥ ቅቤም «ዸዻ» ሲባል ይሰማል። ድምፁ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር ስለ ሆነ የአማርኛው «ደ» አይተካውም።

ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል መጻፍ የቆየ ነገር ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ የደከሙበት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር ሲታተም በዚሁ ፊደል ነበር፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «በሪሳ» ጋዜጣም እንዲሁ። ለዚያ ለልዩው ድምፅ የቆመው በ«ደ» መልክ የተቀረጸው «ዸ» ነው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ቁቤ ሲመረጥ ችግሩ ቀለለ፤ ዲና ኤች በማናቸውም መሣሪያ ላይ ይገኛሉና። የሚያስገርመው ግን «ዸ» ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፥ ማለት ብዙዎቹ ጸሓፊዎቹ ፊቱን ካዞሩበት ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል፤ የድሮውን ጽሑፍ ሲገለብጥ በ«ዸ» ፈንታ «ደ» የሚያኖር ሰው ድምፁን ያጠፋል፥ ስሕተቱም ከአንባቢ ተሰውሮ ይቀራል።

ቁቤም ቢሆን ከችግር አልዳነም። ፍየል ማለት በሆነው በ«ሬኤ» መካከል ድምፁን የሚቆርጠው ሁዻ በኮምፒዩተር የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የራሱ ቁልፍ የለውም፤ የሚጻፈው በነጠላው የጥቅስ ምልክት ነው። መሣሪያው ቀጥ ያለውን ምልክት አንዳንድ ጊዜ ወደ ጎባጣው ስለሚለውጠው፥ ለዓይን አንድ የሚመስለው ቃል በፍለጋ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይገኛል።