በስዊዝ ቦይ ያለፈው መራራ ጉዞ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተንሸራሸርን ስለ መርከብ ጉዞ ካወራን አይቀር፣ አንዱን እናስታውስ። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጅቡቲ ላይ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። በስዊዝ ቦይ አልፈው ሚያዝያ 30 ሐይፋ ደረሱ። ስደት ነበር። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ የወረረን የጣሊያን ጦርም የመጣው በዚያው ቦይ፣ የማለፊያውን እየከፈለ መሆኑ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ሊዘጉት አልፈለጉም።

ዛሬም ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የወጣ ልብስ በመርከብ አውሮፓ ሲሄድ አቋራጩ ያው ቦይ ነው። መምህራኖቻችን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ፣ የባሕር በር የሌለው አገር የሌሎችንም ውል አጥብቆ ማንበብ እንዳለበት ለተማሪው አብረው ቢነግሩት ደግ ነው።