ሁለት ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ ባዶ፦ የጓሮ ታሪክ በካሬ ሜትር

«ጎመን በጤና» የሚለው የአበው አባባል ስለ ሆድ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ከራስ ጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን ማንንም ሳይለማመጡ፣ የማንንም ወረፋ ሳይጠብቁ የሚበሉት ስለሆነ፣ ከጣዕሙ በላይ የሚሰጠው ነፃነት አለ። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል ሥልጣን የያዙ ሁሉ ወደ ሰው ጓሮ ዓይናቸውን መወርወራቸው የማይቀረው፤ አንዳንዱ ሊወስደው፣ አንዳንዱ ሊለካው፣ አንዳንዱም «ለምን አላለማኸውም?» ብሎ ሊወቅስ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «የሌማት ትሩፋት» በሚል መጠሪያ ዶሮ እንድናረባ፣ ወተትና ማር እንድናመርት፣ የከተማው ሰውም ያለችውን ቁራሽ መሬት አትክልት እንዲያለብሳት እየተነገረን ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ደጁ ላይ ቆስጣና ቃሪያ ያበቀለ ሰው ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። ነገር ግን ለዚህ ሕዝብ ስለ ጓሮው ከላይ መመሪያ ሲወርድለት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ወደ ዛሬው ጉዳይ ከመምጣታችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን እንድናይ እጋብዝሃለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። የዚያን ቀን የአዲስ አበባ ጎዳና በደስታ ሰልፍ እንደተጥለቀለቀ ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸው ትውልድም ጩኸቱ ሰሚ ያገኘ መስሎት ነበር። አዋጁ መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውን ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ገበሬው ከባለመሬት ቀንበር ወጣ። የጌታው መሬት ግን የእርሱ አልሆነም፤ የመንግሥት ሆነ።

የዚህ ልዩነት ትርጉም የተገለጠው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. ማለቂያ የወጣው የአምራች ማኅበራት መመሪያ ገበሬው ወደ ሶሻሊዝም የሚወጣበትን መሰላል በሦስት እርከን ዘረጋለት። በመጀመሪያው እርከን መሬቱ ወደ ማኅበሩ ይገባና ለአባሉ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ የግል መሬት ይተውለታል። በሁለተኛው በሬውና የእርሻ መሣሪያው ጭምር የማኅበሩ ይሆናል፤ የግል መሬቱም ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በሦስተኛውና በከፍተኛው እርከን የግል መሬት የሚባል ነገር አይኖርም። ሁለት ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ ባዶ። የአንድን ሥርዓት ፍልስፍና እንዲህ በሦስት ቁጥር ጠቅልሎ የሚገልጽ ሌላ ሰነድ አላጋጠመኝም፤ ዕድገት የሚለካው ጓሮው ባነሰ መጠን ነበርና።

አርሲ የነበሩት አጎቴ የሁለተኛው እርከን አባል ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና ስለዚያ ዘመን ስጠይቃቸው ርዕዮተ ዓለም አይተነትኑም ነበር። «ለማኅበሩ ስንዴ ደወል ሲደወል እነሣለሁ፤ ለጓሮዬ ድንች ግን ማንም ሳይደውልልኝ እነሣለሁ» ይሉ ነበር። ብዙ ጥራዝ ካነበብኩ በኋላ የእርሳቸውን ዓረፍተ ነገር የሚተካ አላገኘሁም።

ነገሩ የስንፍና አልነበረም፤ የሒሳብ ነበር። የማኅበሩ ምርት ሲሰበሰብ አስቀድሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የተመደበው ኮታ ይነሣለታል፤ ዋጋውም መንግሥት የቆረጠው፣ ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ ግብሩና መዋጮው ይቀነሳል። የተረፈው በሠሩት ሥራ ነጥብ ተሰልቶ ለአባላት ይከፋፈላል። አንድ ሰው ተግቶ ቢያርም የትጋቱ ፍሬ ለሁሉ ተበትኖ ለእርሱ የሚደርሰው ኢምንት ነው። የጓሮው ድንችና ጎመን ግን ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው። ከማኅበር ውጭ የቀረው ገበሬም ከኮታው አላመለጠም፤ ምርቱ ሲያንስበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ጥቂት አልነበረም። ከወረዳ ወደ ወረዳ እህል እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። ለዘመድ ጥቂት ጤፍ ይዞ መምጣት ወንጀል የሆነበትን ዘመን የምታስታውሱ አላችሁ።

ይህ መሰላል አገር በቀል አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት የስታሊን መንግሥት በ1930 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወራት ገበሬውን በግዴታ ወደ ኮልሆዝ ሲያስገባ፣ ገበሬው ለማኅበሩ ከማስረከብ ይልቅ ከብቱን ማረድ መረጠ። ከዚያም በዩክሬን፣ በካዛኽስታንና በሩሲያ አውራጃዎች ሚሊዮኖችን የፈጀ ረሃብ መጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮልሆዝ መተዳደሪያ ደንብ የሽንፈት ያህል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በአብዛኛው ከሩብ እስከ ግማሽ ሄክታር የሚሆን የጓሮ መሬትና አንዲት ላም ፈቀደ። እነዚያ ጓሮዎች ከሚዘራው መሬት 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ሳለ ለአሥርት ዓመታት ከአገሪቱ የእርሻ ምርት ሩብ ያህሉን ሰጡ። በእርግጥ የጓሮዋ ላም የምትበላው መኖ ብዙ ጊዜ ከኮልሆዙ የመጣ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ቢሆንም አንድ ታላቅ ኃያል መንግሥት ሕዝቡን ድንች ለማብላት በአሮጊቶች መቆፈሪያ ላይ ተደግፎ መኖሩ እውነት ነው።

እኛ ይህን ትምህርት በእጃችን ይዘን ነው ወደዚያው ገደል የሄድነው። የሩሲያ ደንብ ወደ ጓሮ ሲመለስ፣ የእኛ መመሪያ ከጓሮ ወደ ባዶ ይወርድ ነበር። ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ባለሙያው ለማኅበራቱ በቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በጎጃም የትኖራን የመሰሉ ሞዴል ማኅበራት ለጎብኚ ይታዩ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ አብዛኛው የአገሪቱ ገበሬ እስከ መጨረሻው ከማኅበራቱ ውጭ ቀረ።

ፍጻሜው ደግሞ ከጅማሬው ይልቅ አስተማሪ ነው። በ1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁና አባላት ከፈለጉ ማኅበራቸውን ማፍረስ እንደሚችሉ ሲነገር፣ ገበሬው ዝርዝር መመሪያ አልጠበቀም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ በሬውን ተካፈለ፣ መሬቱን በገመድ ለክቶ አከፋፈለ። በየቦታው የማኅበሩ ዛፍ ተቆረጠ። ያሳዝናል፤ ግን አይገርምም። የእኔ ነው ብሎ የማያስበውን ዛፍ ማን ይጠብቀዋል?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያው አብሮ ማረስ ራሱ ስሕተት ነው ልትል ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ አይደለም የሚል ነው። ደቦና ወንፈል ከየትኛውም መመሪያ ይቀድማሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለው ገበሬው ራሱ ነው። በወንፈል ግን ዛሬ የአንተን ያረሰ ነገ የእርሱ ይታረስለታል፤ ሁሉም ወደ ገዛ ማሳው ይመለሳል፤ ያልፈለገም አይመጣም።

ከዚህ የጠለቀ ምስክር ካስፈለገ አውራ አምባ አለ። በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ማንም ሳያስገድደው በጋራ ያርሳል፣ በጋራ ይካፈላል፤ ሴትና ወንድ በሥራ አይለይም። እንግዲህ አስቡት፦ ሚሊዮኖችን በግድ ወደ ማኅበር ሊያስገባ የሚታገል መንግሥት በገዛ አገሩ በፈቃዱ ማኅበር የሆነ መንደር ነበረው። ዕጣቸው ግን መሸለም አልሆነም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ለተቃዋሚ ይረዳሉ ተብለው ተወንጅለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ከለውጡ በኋላ ሲመለሱም አብዛኛውን መሬታቸውን ሌላ ይዞት ጠበቃቸው። በቀረችው ጥቂት መሬት መኖር ስላልቻሉ ፊታቸውን ወደ ሽመና አዞሩ። ሥልጣን የሚሻው ማኅበርን አልነበረም፤ ታዛዥ ማኅበርን ነበር ለካ።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር። ሌላውን በደል ሁሉ ሳንረሳ፣ በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች ጎመን፣ ጌሾ፣ በሶብላና ጤና አዳም የማይታጡት በዚህች ቦታ ነበር። እናቴም ወሩ አልገፋ ሲላት የምትወርደው ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ጓሮ ነበር። በአቃቂ ወንዞች ዳር ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች ለከተማው ሰላጣና ጎመን ያበቅሉ ነበር፤ አሁንም ያበቅላሉ። ውኃው ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸካሚ ሆኖ ቅጠሉን በከባድ ብረት በክሎታል። ጎመኑ ከጤና ተለየ ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት መጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ጸና። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ጣሪያ አገኘ፣ ጓሮ አጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሳቢያ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማ ዳርቻ ተዛወሩ። የዳርቻው ገበሬ ማሳም በተራው ለቤት ግንባታ ተወስዷል። መንገዱ ማማሩን አልክድም። የምለው፣ በአንድ እጅ ግቢን እያነሡ በሌላው እጅ ጎመን ትከል ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል ነው።

መፍትሔው የግድ መሬትን መሸጥና መለወጥ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ያ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። የሩሲያዋ አሮጊትም የጓሮዋ ባለቤት አልነበረችም። የነበራት እርግጠኝነት ነው፦ በመጋቢት የተከልኩትን በመስከረም የምለቅመው እኔ ነኝ የሚል። ገበሬና ከተሜ የሚፈልጉት ይህንን ነው። እንዲሁም ቦታው ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግ አስቀድሞ መጠየቅን፣ ተመጣጣኝ ካሳ ማግኘትን፣ ቢበደሉ ፍርድ ቤት መቆምን። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ በየብሎኩ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ በስሙ ለረጅም ዘመን መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የአቃቂን ወንዞች ማጽዳትም ከማንኛውም የጓሮ ዘመቻ ይቀድማል።

የአጎቴ ጓሮ በመጨረሻ ባዶ ሳይሆን ቀርቷል፤ ማኅበራቸው ሦስተኛው እርከን ላይ ሳይደርስ ሥርዓቱ ራሱ ፈረሰ። ያቺ 1,000 ካሬ ሜትር ግን በክፉው ዘመን ስድስት ልጆች አሳድጋለች። ለማምረት ቅስቀሳ አላስፈለጋቸውም፤ ያስፈለጋቸው ማንም እንዳይነካባቸው ብቻ ነበር።