ከእህልና ልብስ እስከ ቦነስ፦ የቅጥር ዋጋ በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው የጤፍ አገር የሰው ጉልበት የሚገኝበት መንገድ ብዙ ነበር። ወንፈል ቀንን በቀን ይመልሳል፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያጨደ ነገ ይታጨድለታል። ደቦ ጠላና እንጀራ ይጠይቃል። ለዓመት የተቀጠረ አራሽ ግን ውል ነበረው፤ ቀለብ፣ ምርት ሲገባ የሚሰፈር እህል፣ ልብስ። ልብሱ ችሮታ አልነበረም፤ ሲቀጠር በቃል የተነገረ ዋጋው ነው።

ጽሑፍ ሕግ ዘግይቶ መጣ። የ1952 ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ለሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና ሰጠ። የካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ገበሬው በቅጥር ጉልበት እንዳያርስ ከለከለ። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለሕመምተኛ፣ ለአቅመ ደካማና አካለ መጠን ላላደረሰ ብቻ ፈቀደ። ዓላማውን አከብራለሁ። ነገር ግን ክልከላው እያለ ተቀጥሮ የሚያርስ ልጅ ቢኖር ዋጋውን በሕግ ፊት የሚጠይቅበት መንገድ ጠበበ።

የአገር ሰው ደመወዝን «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይፈታዋል። የ1996ም የ2011ም አሠሪና ሠራተኛ አዋጆች አንቀጽ 53 ቃሉን ያጠበዋል፦ ደመወዝ መደበኛው ክፍያ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ኮሚሽንና ቦነስ ከደመወዝ አይቆጠሩም። አንድ የእህል መጋዘን ሠራተኛ በወር 4,000 ብር፣ በየዓመቱ ለፋሲካ ደግሞ 2,000 ብር ቦነስ ያገኛል እንበል። የስንብት ክፍያ ቢገባው የሚሰላው ከ4,000ው ነው፤ 2,000ው ዓመት ሙሉ ቤቱ ሲጠብቀው ቢኖርም ከስሌቱ ይወጣል። ቦነሱ በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነት ከተጻፈ ግን አሠሪው ሲፈልግ የሚሰጠው ሲፈልግ የሚያስቀረው አይሆንም፤ ይጠየቅበታል። ስለዚህ የዱሮው አራሽ ልብሱን ገና ሲቀጠር ማስነገሩ ትልቅ ብልኅነት ነበር እላለሁ።

አዋጁ አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠውን ከሲሶ እንዳያሳልፍ ገድቧል። የ2011ዱ ለቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ ለሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ አስቀምጧል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይርጋው ነው። የደመወዝም የቦነስም ጥያቄ ከሚከፈልበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ይታገዳል። የመስከረም መጨረሻ ደመወዙ የቀረበት ሰው፣ አሠሪውን «ምርቱ ይሸጥና» እያለ ቢጠብቀው፣ መጋቢት ሲያልቅ የመክሰሻ ጊዜውም አብሮ ያልቃል።