ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ስም ሳይኖረው የኖረው እንቁራሪት

«አዲስ የእንስሳት ዝርያ ተገኘ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አማዞንን ወይም የኮንጎን ጫካ ነው። ይሄኛው ግን የተገኘው ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ነው። ያውም ከከተማዋ አምስት ክፍሎች አንዱ በሆነው በስታተን አይላንድ ደሴት። ደሴቱን ለማታውቁት፣ ከ1948 እስከ 2001 ድረስ የኒውዮርክ ቆሻሻ ይደፋበት የነበረው ፍሬሽ ኪልስ የሚገኘው እዚያ ነው። የኒውዮርክ ቆሼ በሉት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንቁራሪቱ በሳይንስ ስሙ ራና ካውፌልዲ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ2014 ነው። በኒውዮርክና ጎረቤቷ በሆነው የኒው ኢንግላንድ አካባቢ አዲስ አምፊቢያን፣ ማለትም እንደ እንቁራሪት በውኃም በየብስም የሚኖር እንስሳ ሲገለጽ ከ1854 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

እና ይሄን ያህል ዘመን ማንም አላየውም ማለት ነው? አይደለም፣ በደንብ አይተውታል። ችግሩ ሌላ እንቁራሪት መስሏቸው ነበር።

በአሜሪካ ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ሰውነታቸው እንደ ነብር ነጠብጣብ የሆነ እንቁራሪቶች አሉ። እንግሊዝኛውም «የነብር እንቁራሪት» ነው የሚላቸው። ሳይንስ ሁለት ዓይነት ያውቅ ነበር፣ የሰሜኑና የደቡቡ። ኒውዮርክ አካባቢ የሚታየው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ስም ይመዘገብ ነበር። ሦስተኛው መልኩ ከሁለቱም ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው። ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ የጭኑ የኋላ ክፍል ጠቆር ማለቱ ነው። ይሄን ለማየት ደግሞ መጀመሪያ እንቁራሪቱን መያዝ ይጠይቃል።

ጄረሚ ፋይንበርግ ያኔ በኒው ጀርዚ በሚገኘው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ኒውዮርክ አካባቢ የነብር እንቁራሪቶች ከብዙ ቦታ ለምን እንደጠፉ እያጠና ሳለ ስታተን አይላንድ ረግረግ ውስጥ የሰማው ድምፅ ግራ አጋባው። የሰሜኑ ወንድ እንቁራሪት ድምፅ ረዘም ያለ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ነው። የደቡቡ «አክ-አክ-አክ» እያለ ይደጋግማል። ይሄ ግን አንዴ «ቻክ» ብሎ ያቆማል፣ ከዚያ እንደገና «ቻክ»። ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዓይነት ነገር።

ድምፅ ምን ያህል ያስኬዳል? በእንቁራሪት ጉዳይ በጣም ያስኬዳል። በመራቢያ ወቅት ወንዶቹ ውኃ ውስጥ ሆነው የሚጮሁት ሴቷን ለመጥራት ነው። ሴቷ ደግሞ የምትሄደው የራሷን ዝርያ ጥሪ ወደምትሰማበት ነው። ስለዚህ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት እንቁራሪቶች ጥሪያቸው ፈጽሞ ከተለያየ፣ በአንድ ኩሬ እየኖሩም ላይዳቀሉ ይችላሉ። እኛ በመልክ አንድ ብንላቸውም እነሱ በጆሮ ተለያይተዋል።

ድምፅ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ የመጣው ዲኤንኤ ነው። ያኔ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ካቲ ኒውማን፣ ፋይንበርግና ባልደረቦቻቸው ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የነብር እንቁራሪቶችን ዘረ መል አነጻጸሩ። ውጤቱን በ2012 አሳተሙ፦ የኒውዮርኩ እንቁራሪት የሰሜኑም የደቡቡም አይደለም፣ የሁለቱ ዲቃላም አይደለም። ራሱን የቻለ ሦስተኛ ነው። ያኔ የወጡ ዜናዎች «የመኖሪያው ማዕከል ያንኪ ስታዲየም አጠገብ ነው» እያሉ ተቀባበሉት። ለርዕስ የሚመች ነገር ነው፣ ምን ይደረግ። በኋላ በተደረገው ፍለጋ ግን እስከ ሰሜን ካሮላይና ድረስ ተገኘ።

ስም ለመስጠት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ዲኤንኤው የተለየ መሆኑ ስለታወቀ ብቻ ስም አይወጣለትም። መልኩ፣ መጠኑ፣ ጥሪው፣ የሚኖርበት ቦታ ተለክቶ ይጻፋል፤ አንድ ናሙና ለዝርያው መለያ ተደርጎ ሙዚየም ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌሎች ሳይንቲስቶች ፈትሸውት ይታተማል። በጥቅምት 2014 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጽሑፍ ይሄን ሁሉ ያሟላ ነበር።

የዚህ ታሪክ በጣም የሚገርመው ክፍል ስሙ ላይ ነው ያለው። ካርል ካውፌልድ የሚባል የእባብና የእንቁራሪት ባለሙያ ነበር፣ በኋላም የስታተን አይላንድ መካነ አራዊት ዳይሬክተር ሆኗል። ይህ ሰው በ1936 እና በ1937 ባሳተማቸው ጽሑፎች ኒውዮርክ አካባቢ ያሉት የነብር እንቁራሪቶች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው ብሎ ነበር። ያኔ የዲኤንኤ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ሌሎቹ ባለሙያዎች ሐሳቡን አልተቀበሉትም፣ ቀስ በቀስም ተረሳ። ካውፌልድ በ1974 አረፈ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ ትክክል እንደነበር በተረጋገጠ ጊዜ፣ እንቁራሪቱ በስሙ ተጠራ። «አዲስ ዝርያ» የሚለው አባባል ራሱ ትንሽ ያሳስታል ለማለት ነው። እንቁራሪቱ ከከተማዋ በፊት የነበረ ነው፤ አዲስ የሆነው መዝገቡ ላይ ነው።

ታዲያ ስም መውጣቱ ምን ይጠቅማል? ሦስት ዝርያ በሁለት ስም ሲቆጠር አንዱ እየጠፋ ቢሆን እንኳን አይታወቅም። የደቡቡ የነብር እንቁራሪት በሰፊ አካባቢ በብዛት ይገኛል። ካውፌልዲ በእሱ ስም እስከተመዘገበ ድረስ ኒውዮርክ ላይ ቢያልቅ «ሌላ ቦታ ሞልቷል» ተብሎ ይታለፋል። እንዲያውም ሆኗል፦ በአንድ ወቅት ይኖርበት ከነበረው ከሎንግ አይላንድ ጠፍቷል። ሕልውናው ሳይታወቅ ነው ከዚያ የጠፋው። የሚወደው ሰፋፊ ረግረግ ነው፤ ረግረግ ደግሞ በዚያ የባሕር ዳርቻ ለመንገድ፣ ለመጋዘንና ለመኖሪያ ቤት እየተደፈነ የኖረ መሬት ነው።

የሚኖርበት መስመር ለብዙ ሐበሻ አዲስ አይደለም። ከኮነቲከት ተነስቶ በኒውዮርክ፣ በኒው ጀርዚ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አድርጎ ወደ ሰሜን ካሮላይና ይወርዳል፣ በአብዛኛው አይ-95 አውራ ጎዳናን እየተከተለ። ከዲሲ ኒውዮርክ ዘመድ ለመጠየቅ የነዳ ሰው በእንቁራሪቱ ሰፈር አልፏል ማለት ነው። መስማት የፈለገ ክረምቱ እንዳለፈ፣ የጸደይ መጀመሪያ ላይ፣ ማታ ረግረግ አካባቢ ጆሮውን ይጣል። መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ አይሰማም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣም ተመሳሳይ ሥራ እየተሠራ ነው። በ2019 ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው የቢቢታ ተራራ የተገኘች በጣም ትንሽ እንቁራሪት በተራራው ስም ተሰይማለች። እሷ እንኳን የተገኘችው ሰው ብዙም ካልደረሰበት ጫካ ነው። ለኒውዮርኩ ታሪክ የሚቀርበው የደጋው የሣር እንቁራሪቶች ጉዳይ ነው። እነዚህ በረግረግና በግጦሽ መሬት የምናያቸው፣ ከእግራችን ሥር ዘለው የሚያመልጡት ናቸው። በ2021 የታተመ ጥናት ዲኤንኤያቸውን፣ መልካቸውንና ጥሪያቸውን አንድ ላይ አስተያይቶ፣ ተመሳሳይ ከሚመስሉት መካከል አዳዲስ ዝርያዎችን ለይቷል። አንዱ ስሙን ያገኘው ከባሌዋ ሮቤ ከተማ ነው።