በር ላይ የተያዘው ፌሮ

በሜክሲኮ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በስዩዳድ ሁዋሬዝ ከተማ፣ አንድ የግል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1977 የገዛው የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የገባ ሲሆን፣ ሥራ ላይ ሳይውል በመጋዘን ተቀምጦ ኖረ። በመንግሥት መዝገብ ያልሰፈረን ነገር ደግሞ ጠፋ ብሎ የሚፈልገው አይኖርም። በዲሴምበር 1983 መሣሪያው ተፈታቶ ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ ስፋታቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ 6,000 ገደማ የኮባልት 60 እንክብሎች ነበሩ። መያዣው ተበስቶ ስለ ነበር እንክብሎቹ በመኪናውና በግቢው ተበተኑ፤ ከብረቱ ጋር ተደባልቀውም ወደ ማቅለጫ ምድጃ ገቡ። ከዚያ የወጣው ፌሮና የጠረጴዛ እግር በሜክሲኮና በአሜሪካ ተሸጠ። የመሳብ ፈተና ጨረርን አይገልጽምና፣ ብረቱን በጥንካሬው ብቻ የሚመዝን መሐንዲስ ይህን ጉድለት ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ምስጢሩን የገለጠው አጋጣሚ ነው። ጃንዩወሪ 16 ቀን 1984 ይህንኑ ፌሮ የጫነ መኪና በኒው ሜክሲኮ መንገድ ስቶ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በኩል ሲያልፍ፣ ለሌላ ተግባር የተተከለው የጨረር መጠቆሚያ ምልክት ሰጠ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣኖች ፈጥነው መነሣታቸው አይካድም። በሜክሲኮ ከ17,000 በላይ ሕንፃዎች ተመረመሩ፤ ከእነዚህም 814ቱ ተበክሎ በተገኘው ፌሮ ምክንያት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ፈረሱ።